በሶ የጠጣው ሚኒባስ

ጀላል የሰደበኝ ሚያዝያ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው፤ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ መካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ። ጽፌ ስላስቀመጥኩት አይጠፋኝም። የሚነዳው ሚኒባስ ሞተር ሲንተከተክ ሰምቼ፣ “ኮፈኑን ክፈትልኝና ልየው” ብለው፣ “አንተ ጎሚስታ! ሞተር የሚነካ የተማረ እጅ ነው። አንተ ሂድና ንፋስህን ንፋ!” አለኝ። ተራ አስከባሪው ቢሻው ሳቀ። ሻይ ሻጯ በዛች ደግሞ ስትስቅ የያዘችው ሻይ ተደፋ። የተደፋውም እኔ ላይ ነው።

እውነት ነው፣ ስጀምር ጎማ ነበር የምለጥፈው። ትምህርትም ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ጥፋቱ የሒሳብ መምህሬ ነው፣ እሱን አሁን አላነሳውም። ሞተር ግን ደሴ አራት ዓመት መጀመሪያ ከሰው ትከሻ ኋላ ቆሜ፣ ከዚያም በገዛ እጄ እየፈታሁ እየገጠምኩ ተምሬያለሁ። ይህን ማን ይጠይቃል? ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ስሜ “ጎሚስታው” ሆኖ ቀረ። ሞተር የታመመበት ሁሉ በደጄ አልፎ ደሴ ይሄዳል።

በጥር 1999፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሼህ ዑበይዳ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ቤቴ ድረስ መጡ።

“አሰላሙ ዓለይኩም፣ ቢያድግልኝ ልጄ።”

“ወዓለይኩም ሰላም ሼሁ። ምነው፣ በደህና?”

“የጀላል መኪና ፈልታ ቆመች። ዛሬ የልጁ የሩፋይዳ ኒካህ ነው፣ አጅባር። ሽማግሌው ሁሉ ተሳፍሮ ፀሐይ ይመታዋል። ከዐስር ሰላት በፊት ካልደረስን ጉዳችን ነው።”

“ጀላል ራሱ እግር የለውም?”

“እግርስ አለው። በምን ፊቱ ይምጣ?”

እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። ከሠራሁት በኋላ፣ ጀላል በዛችና ቢሻው ባሉበት፣ ሰው እየሰማ፣ “ቢያድግልኝ መካኒክ ነው” ይበል። ሌላ ምንም አልፈልግም።

“ይላል። እኔ ዋስ ነኝ፣ ወላሂ” አሉ ሼሁ።

መናኸሪያ ሄጄ ኮፈኑን ስከፍት የበሶ ሽታ ፊቴን መታኝ። ለካ ጀላል ውሃ እየጎደለበት ቢቸገር ራዲያተሩ ውስጥ በሶ ጨምሮበታል!

“ስንት ነው የጨመርከው?” አልኩት።

“ሁለት ጣሳ” አለ መሬት መሬት እያየ። “ቀዳዳ ይደፍናል ቢሉኝ...”

“ጨውስ?”

“ጨው ምን ያደርጋል?”

“ያለ ጨው ማን ይጠጣዋል!”

ሽማግሌዎቹ መኪናው ውስጥ ሆነው ሳቁ። የታችኛውን ማኒኮቶ፣ ያንን ወፍራሙን የውሃ ጎማ፣ ስነቅለው ገንፎ የመሰለ ነገር ዘጭ ዘጭ እያለ ወረደ። የሰፈሩ ዶሮ ተሻምቶ መጣ። አንዱ ሽማግሌ በመስኮት ብቅ ብለው፣ “ቢስሚላህ በሉ እንግዲህ!” አሉ።

በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ራዲያተሩ ምንም አልነበረበትም። ውሃ ጎደለ ሲባል ሁሉም የሚያየው ራዲያተር ነው፤ እኔ ግን ከሞተሩ ኋላ አጎንብሼ ገባሁ። እዚያ የጭስ መመለሻ አለ፤ ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው መርዝ እንዲቀንስ የተሠራ ዕቃ ነው። እንደ እሳት ስለሚግል ውሃ ይዞረዋል። ውሃው የሚገባና የሚወጣባቸውን ሁለቱን የብረት አፎች ዝገት በልቷቸዋል። አንዱን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ።

ቅሪቱን በካቻቢቴ ፈልፍዬ አወጣሁ። በዛች የተበላሸ የቡታጋዝ ምድጃ ነበራት፤ የነሐስ ቱቦውን ቆርጬ፣ በሞረድ አስተካክዬ፣ ጎማው እንዳያመልጥ ጫፉን ገልበጥ አድርጌ፣ ሙቀት የሚችል ማስቲሽ ቀብቼ ቀስ በቀስ መታ መታ እያደረግሁ አስገባሁት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። አዲስ ጎማ አልብሼ በየጫፉ ማሰሪያ አጠበቅሁ።

“ጉድ እኮ ነው” አለች በዛች፣ “ምድጃዬ ከእኔ በፊት አጅባር ሊገባ!”

ማኒኮቶውን መልሼ ውሃ ሞላሁና ሞተሩ ተነሣ። “ነዳጅ ስጠው!” አልኩት ጀላልን። “ከውሃው ውስጥ አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ እግርህን እንዳታነሣ!” ይህ ሙያ ነው፤ አየር ከቀረበት ተመልሶ ይፈላል። አፎቹን አየሁ፣ አንድ ጠብታ የለም።

ሼሁ ሰዓቱ አሳስቧቸዋል። “በል ጀላል፣ ቃልህን!” ብለው ጮኹ።

ጀላል አንገቱን በመስኮት አወጣ። እግሩን አላነሣም፤ እንዳያነሣ ያልኩትም እኔው ነኝ። ሞተሩ እያጓራ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሦስት ቃል ነው፣ ከከንፈሩ ቆጥሬዋለሁ። ጆሯቸው የደከመው ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁና ተሳፈሩ። እኔ አየሩ አልቋል፣ በቃ ለማለት እጄን ሳነሣ፣ ጀላል ሂድ ያልኩት መሰለው። ወይም እንዲመስለው ፈለገ። ሽማግሌዎቹ በመስኮት እየመረቁኝ መኪናው አቧራ ውስጥ ገባ።

“ምን አለ?” አለ ቢሻው።

“እኔ እንጃ፣ ማን ሰምቶት” አለች በዛች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ቢያድግልኝ፣ ምን አለህ? ደግሞ ሰደበህ እንዴ?”

መናኸሪያው ሁሉ አፍ አፌን ያያል። ሰው በገዛ አፉ “መካኒክ ነው አለኝ” ብሎ እንዴት ይመሰክራል? ቢመሰክርስ ማን ያምነዋል? ዕቃዬን ሰበሰብኩ፣ እጄን በሱሪዬ ጠረግሁና ሄድኩ።