ትንሽ ጠመም ያለ አገጭ

ቃሲም ከአዲስ አበባ ሲመለስ በፌስታል ሁለት የፕላስቲክ መንጋጋ ይዞ ከሚሴ ገባ። ሚስቱ ሰዓዲያ መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ግን ሳቋን ተወችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሲም የከብት ደላላ ነው። አምና ባቲ ገበያ አንዲት ግመል "የዋህ ናት፣ ሕፃን አትነካም" እያለ ሲያሻሽጥ፣ ያችው የዋህ መንጋጋውን በእርግጫ አለችው። ወጌሻ አሰረለት፤ አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ አገጩ ወደ ግራ ዞሮ ቀረ፤ ሥጋ ሲቀርብም ዓይኑ እንጂ ጥርሱ አይበላም። ዶክተር ብፅዓት የምትባል ሐኪም በሲቲ ስካን አስነሥታው፣ የቱን አጥንት ቆርጣ ከየቱ እንደምታጋጥም በኮምፒውተር አቀደች። ከዚያ አንዱን መንጋጋ አሁን እንዳለው፣ ሌላውን ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንደሚሆነው አድርጋ፣ የፕላስቲክ ቅርጽ በሚያወጣ ማተሚያ አሳተመችና "ከቤተሰብዎ ጋር ይማከሩበት" ብላ ሰጠችው።

ሰዓዲያ ሁለተኛውን መንጋጋ አገላብጣ አየችው። ቀጥ ብሏል፤ አምሯል። እሷም የደላላ ሚስት ናትና አንድ ነገር አሳምራ ታውቃለች፦ ሰው በሬውን አጥቦ ቀንዱን ቅባት የሚቀባው ሊያርስበት ሳይሆን ገበያ ሊያወጣው ሲል ነው።

"ያ ረቢ! ሊያገባብኝ ነው" አለች በሆዷ። ቅናት አንዴ ከገባ ማን ያወጣዋል?

ለቀዶ ጥገናው አብራው አዲስ አበባ ሄደች። ዶክተሯ የቃሲምን አጥንት ኮምፒውተሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያዞረች ስታሳያቸው፣ ሰዓዲያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ዶክተር፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ጥርሱን ይግጠሙለት። አገጩን ግን ትንሽ ጠመም ያድርጉልኝ።"

"ምን?"

"ብዙ አላልኩም። የጣት ግማሽ ይበቃኛል።"

"እህቴ፣ አሁን የተጣመመው ራሱ ጣት አይሞላም እኮ!"

"እንግዲያው ሩቡን ይተዉልኝ። ወላሂ ከዚህ አልወርድም!"

ዶክተሯ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። "አገጩን ብቻ ከሆነ እዚህ ዕቅዱ ላይ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ፊቱ ግን የእሳቸው ነው" አለችና ወደ ቃሲም ዞረች።

ሰዓዲያ አቀረቀረች። በሰው ከብት ሲከራከር የኖረ ሰው በገዛ ፊቱማ ምን ሊል ነው! እፍረት ጆሮዋን አቃጠላት።

ቃሲም ከቤት አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ያኖሯቸውን ሁለቱን መንጋጋ አየ፤ ሚስቱንም አየ።

"የጠየቀችዎትን ይስጧት" አለ በተንሻፈፈ አፉ። "እኔ ከበላሁ ይበቃኛል። መልኬንማ የምታየው እሷ አይደለች?"

የሰዓዲያ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ቀጥ ያለውን መንጋጋ ከጠረጴዛው አንሥታ ዶክተሯ እጅ ላይ አኖረችው።

"ይሄንኑ ያድርጉት" አለች፣ በሻርፗ አፍንጫዋን እየጠረገች። "እንዲህ የሚል አፍ እንዴት ተጣሞ ይቀራል!"