የዳኛው አየር

አባዬ፣ ዳኛ አጥናፉ፣ አንጀቱ ተጠማዞ እዚሁ ጭሮ ከተማ ሆስፒታል ሆዱ ተከፍቶ ተስተካከለ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ጣጣው የመጣው በማግስቱ ሐኪሙ ዶክተር መህዲ አልጋው አጠገብ ቆሞ «አየር ወጣ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

«የምን አየር?» አለ አባዬ። በአፍንጫው የገባው ቱቦ ድምፁን አፍኖበታል።

«ከታች በኩል ነው አባቴ። አንጀትዎ ሥራ መጀመሩን የምናውቀው በእሱ ነው። እስኪወጣ ድረስ ውኃም ቢሆን አይቀምሱም።»

አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አልወጣም።»

አባዬን ለማያውቅ ልንገር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የወረዳ ዳኛ ነበር። ቤቱ ውስጥ እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ያ የምታውቁት ቃል በእኛ ቤት ተነሥቶ አያውቅም፤ ልጆች ሳለን ከመካከላችን አንዱን ካመለጠው አባዬ ጋዜጣውን አጥፎ ከክፍሉ ይወጣ ነበር። እናቴ አዳነች እንኳ «እርስዎ» ነው የምትለው።

ዶክተሩ ለብቻዋ ጠርቶ፣ «እማማ፣ ምናልባት እርስዎ ሰምተው ከሆነ…» ሲላት እማዬ ደነገጠች።

«ከማን? ከዳኛው? ኧረ እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር የለባቸውም!»

«ሁሉም ሰው አለበት እማማ።»

«እሳቸው የለባቸውም። አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ።»



ከዚያ በኋላ ነገሩ የአገር ጉዳይ ሆነ። ነርሷ ሲስተር ረዲያ በገባች ቁጥር «ወጣ?» ትላለች። ወለል የምትወለውለው ሴት በበሩ አንገቷን አስግጋ በኦሮምኛ «ቂሌንሲ ባኤ?» ብላ ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ ራሴን ስወዘውዝ ከንፈሯን መጥጣ ትሄዳለች። ጠያቂውም አይቀር፤ ብርቱካኑን፣ ሙዙን፣ የማንጎ ጭማቂውን ተሸክሞ ይመጣና ውኃ የተከለከለ ሰው ራስጌ ይከምራል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስካሁን ምንም?» ይላል። «እግዜር ይማርዎ» ቀርቶ «እግዜር ያውጣልዎ» ሆነ። አክስቴ ብሩኬ ከሚኤሶ በጭነት መኪና ተሳፍራ የአሰቦት ጸበል ይዛ መጣች፤ መጠጣት ስለማይችል እግሩን ቀባችው። የንስሐ አባታችን መምሬ ተሻለ ሊጸልዩ ቆመው ምን እንደሚሉ ጨነቃቸው። ብዙ አሰቡና፣ «የታሰሩትን የምትፈታ አምላክ ሆይ፣ በአገልጋይህ ውስጥ የታሰረውን… ያንን… መቼም አንተ ታውቀዋለህ» አሉ።

«አሜን» አልን። ከጎን አልጋ የተኛውም ሰው «አሚን» አለ።

ይህ ሰው አብዱልቃዲር ይባላል፤ የበደሳ ጫት ነጋዴ ነው፣ የሐሞት ጠጠር ወጥቶለት የተኛ። ምግብ ስለተፈቀደለት የአባዬን ብርቱካን የሚበላልን እሱ ነበር።

አባዬ ግን እየከሳ፣ ከንፈሩ እየተሰነጣጠቀ ሄደ። በተጠየቀ ቁጥር መልሱ ያው «አልወጣም» ነው። በመጨረሻ ዶክተር መህዲ ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

«ሆድዎ ይንጎራጎራል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። አንድ ቦታ ተዘግቶ ይሆናል። እንዲህ ከቀጠለ ደግመን መክፈታችን ነው።»

እማዬ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ «ይከፈት» አለ።

«ቆይ ዶክተር!» አብዱልቃዲር ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ ተነሣ። «እኔ ሐሰት ሰምቼ ዝም አልልም። ወላሂ፣ ወጥቷል!»



«መቼ?» አለ ዶክተሩ።

«ከትናንት ወዲያ። ትናንትም። ዛሬማ ሲስተር ልትጠይቀው ስትገባ፣ ገና በሩ ላይ እያለች። ሽማግሌ ነው፣ ክብሩን አልነካም ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን በቢላ ሊነካ ነው!»

አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትራሱ ቀና አለ። የችሎት ቁጣው ዓይኑ ላይ መጣ። «ምስክሩ በዓይኑ አይቷል?»

«ጋሼ ዳኛ፣ እሱ እኮ አይታይም» አለ አብዱልቃዲር። «ግን ሰምቻለሁ። አንተም ሰምተሃል።» እንደ በደሳ ሰው ወግ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚለው።

«ከራስህ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?»

«የእኔማ ሲወጣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ይኸው ክፍሉ በሙሉ ምስክሬ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ሁላችንም ሰምተነዋል።

ዶክተሩ ሳቁን ለመዋጥ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «አባቴ፣ ከራስዎ አፍ መስማት አለብኝ። ወጥቷል?»

አባዬን ላብ አጠመቀው። «አዳነች ትውጣ» አለ።

እማዬ ወጣች። በሩ ተዘጋ።

«ወጥቷል» አለ አባዬ።

ከበሩ ውጭ እልልታው ቀለጠ። እማዬ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ኖሯል። አክስቴ ብሩኬ ወዲያው ሚኤሶ ደወለች፤ ሚኤሶ ለማን ለማን እንደደወለ አላውቅም፣ ከሰዓት በኋላ ስልኬ «እንኳን ደስ ያላችሁ» በሚል ሰው ተጨናነቀ። አንድ የድሮ የችሎት ጸሐፊው ከበደሳ ደውሎ እሳቸውን ካላናገርኩ አለ። «ክቡር ዳኛ፣ እንኳን አየርዎ ወጣ!» ሲለው አባዬ ስልኩን መለሰልኝና ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ሳበው።

ቱቦው ተነቀለለት። መጀመሪያ ሻይ፣ ቀጥሎ ቀጭን የዶሮ መረቅ ተፈቀደለት፤ ፊቱም መለስ ማለት ጀመረ። መረቁን የምታጠጣው እማዬ ነበረች። ጥቂት ካጠጣችው በኋላ ማንኪያውን አፉ ሊደርስ ሲል አቆመችው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው። «አንተ» ስትለው የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው። «ታዲያ ሳሎኑ በሸተተ ቁጥር እየወቀስን ያባረርነው ያ ምስኪን ውሻ?»

አብዱልቃዲር «ስፌቴ! ስፌቴ ሊፈታ ነው!» እያለ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። አባዬ ግን አፉን እንደከፈተ ማንኪያውን ጠበቀ፣ ጎረሰ፣ ዋጠ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።