እጁ ቀላል ነበር

«ቆርቆሮዋን ስጪኝ እንጂ እትዬ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለ የባሏ የወንድም ልጅ፣ የጎረሰውን ዳቦ ሳይውጥ። ፍርፋሪ ከአፉ ተፈናጥሮ ጥቁር ቀሚሷ ላይ አረፈ።

እታለም ፍርፋሪውን በሁለት ጣቷ ለቅማ ጣለችው። ልጅ አዋቂው እታለም እያለ ነው የሚጠራት፤ ዋና ስሟን የሚያስታውሰው የለም። ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ቆርቆሮዋ ከወገቧ ኋላ፣ ትራሱ ስር ተወሽቃለች። ድሮ የብስኩት መያዣ ነበረች። አሁን በውስጧ አንድ የጠርሙስ ሲሪንጅ፣ ሦስት አራት መርፌና መልኩ የጠፋ ጥጥ አለ። ባሏ ዕድሜ ልኩን ሰፈሩን የወጋው በዚህችው ዕቃ ነው። ትናንት ቀበሩት፤ ዛሬ ወራሽ ነኝ ባይ መጣ።

«ለምንህ ነው?» አለችው።

«ልሠራባት ነዋ። አጎቴ ሲወጋ እያየሁ አይደል ያደግሁት? መድኃኒት ቤት በር ላይም ስንት ዓመት ቆሜያለሁ።»

እውነቱን ነው፣ ቆሟል። ካልሲ ሲሸጥ። እታለም እጆቹን አየች። ጥፍሮቹ አድገዋል፤ ስራቸው ጥቁር ነው። እነዚያ ጣቶች ጥጥ ይዘው ታዩዋትና ምራቋ አፏ ውስጥ መረረ።

«ቆይ እስቲ። የመቃብሩ አፈር እንኳ አልደረቀም» አለችና ፊቷን አዞረች።

ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ጢም ብሏል። ሻይ ይዞራል። ብርጭቆዎቹ አፋቸው ላይ የከንፈር ቅባት አለባቸው፤ የምታጥበው ጎረቤት ከጠዋት ጀምሮ የባልዲውን ውሃ አልቀየረችም። ዝንቡ ከስኳሩ ወደ ሰው አፍ፣ ከሰው አፍ ወደ ስኳሩ ይመላለሳል። ጫማውን ያወለቀ አንድ ሽማግሌ አለ፤ የእግሩ ሽታ ከሻዩ እንፋሎት ጋር ተቀላቅሏል። እታለም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሰዉ ሐዘኑ ጎድቷት ነው ብሎ ከንፈር ይመጥላታል። ሐዘን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። አስጠልቷት ነው።

«እጁ ግን እንዴት ቀላል ነበር» አለች የባለ ሱቁ ሚስት፣ በተናፈጠችበት እጅ ስኳር እየጨመረች። «አምስቱንም ልጆቼን የወጋልኝ እሱ ነው። የሆስፒታል ወረፋ ስንጠብቅ ብንኖር ስንቱን ቀብረን ነበር።»

«የኔስ ወገብ?» አለ አናጢው። «ቆልምሞ ይዞኝ፣ በሱ መርፌ አይደል ቀና ያልኩት።»

አናጢው በቀጥታ ከሥራ ነው የመጣው፤ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። ወደ መስኮቱ ዞር ሲል እታለም ዓይኑን አየችው። ነጩ ቢጫ ሆኗል። ያንን ቢጫ ታውቀዋለች፤ በባሏ ዓይን ስታየው ከርማለች።

ደግሞስ የባሏ እጅ ቀላል መሆኑን ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ኮረዳ ሳለች ትኩሳት ጥሏት ታላቅ እህቷ ደግፋ እሱ ዘንድ ወሰደቻት። ያኔ እሱ የሆስፒታሉን መርፌ ክፍል የሚያጸዳ ጎረምሳ ነው፤ ነርሶቹን እያየ ተምሮ፣ ከሥራ ሲወጣ ለሰፈር ሰው ይወጋል። ግራ ክንዷን ያዝ አደረገና ስለ ዝናቡ ያወራት ጀመር። «ታዲያ መቼ ነው የምትወጋኝ?» ብትለው፣ «አለቀ እኮ። አሸት አሸት አድርጊው፣ ደም እንዳይቋጥር» አላት። ትኩሳቷን ረስታ ሳቀች። ዓመት ሳይሞላ አገባችው።

መጀመሪያ ላይ ይቀቅል ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። ከሰል ላይ ድስት ጥዳ፣ መርፌው ውሃው ውስጥ ሲንቀጫቀጭ የምትጠብቀው እሷ ራሷ ነበረች። ከዚያ ሰዉ በዛ። ትኩሳት የያዘው፣ ሳል የያዘው፣ ምንም ያልሆነው ሳይቀር «አንድ ውጋኝ» እያለ በራቸው ላይ ተኮለኮለ። ውሃው እስኪፈላ ማን ይጠብቃል? መቀቀሉ ቀረና በአልኮል መጥረግ መጣ። አልኮሉ ሲያልቅ ደግሞ መርፌውን እፍ ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው። ያ ሁሉ ሕፃን በዚያ ትንፋሽ ተወጋ፤ እናቶቹም እግዜር ይስጥልን ብለው ሄዱ።

በኋላ የባሏ ሆድ ሲነፋ ሆስፒታል የወሰደችው እሷው ናት። ወጣቷ ሐኪም የእሱን ደም አስመረመረች፤ ቀጥላ የእታለምን።

«እማማ፣ ጉበታቸውን የበላው ቫይረስ ነው» አለቻት። «እርስዎም አለብዎት። የእርስዎ ግን ገና ስለሆነ መድኃኒት አለው። በደም ነው የሚተላለፈው። በደንብ ያልተቀቀለ መርፌ ተወግታችሁ ታውቃላችሁ?»

እታለም ባሏን አየችው። እሱ ጣራ ጣራውን ያያል።

ቤት ሲገቡ፣ «ለሰፈሩ ንገር» አለችው። «ሄደው ይመርመሩ።»

«በቁሜ ስሜን ልትቀብሪው ነው?»

በማግስቱ አንዲት እናት የሚያተኩስ ልጇን ይዛ መጣች። እታለም ይመልሳታል ብላ ስትጠብቅ፣ ያንን የተነፋ ሆዱን በእጁ ደግፎ እያቃሰተ ተነሣና ቆርቆሮዋን ከፈተ። «ነይ ልጁን ያዢልኝ» አላት እታለምን። አልያዘችም። ጓሮ ወጥታ አስመለሳት። አፏን ጠርጋ ስትገባ ሁሉም ነገር አልቆ፣ እሱ እናቲቱን «አሸት አሸት አድርጊው» እያላት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፍራሿን ለየች። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ደም ሲያስመልሰው ባልዲውን ትይዛለች። እጁን ግን አትነካም። በመጨረሻዋ ጠዋት ያንን ቀላል እጁን ዘረጋላት። እሷ ፎጣ አቀበለችው።

በሩ ላይ ግርግር ተነሣ። አንዲት ወጣት እናት ልጇን አቅፋ፣ ሰዉን እየገፋች ገባች። የልጁ ፊት ቲማቲም መስሏል።

«እባካችሁ፣ እሳት ሆነብኝ። እሳቸው ቢያርፉም የወንድማቸው ልጅ ይወጋል ብለውኝ ነው።»

«አላልኩሽም እትዬ?» አለ ካልሲ ሻጩ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ትራሱ ሰደደው።

እታለም የእጁን አንጓ ለቀም አደረገችው። እጁ የዳቦ ቅባት ነበረው። አልለቀቀችውም።

«ስሙኝ» አለች። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብዬ አፌን ይዤ ነበር። ባሌን የገደለው የጉበት በሽታ ነው። በደም የሚጋባ ነው፤ እኔም አለብኝ። ይህች መርፌ ካንዳችሁ ወደ አንዳችሁ ስታዞረው ኖራለች። እሱም ተነግሮት ነበር። ተነግሮት፣ እያወቀ ወጋ። ሁላችሁም ሄዳችሁ ተመርመሩ። አንቺም ልጅሽን ጤና ጣቢያ ውሰጂ፣ አሁኑኑ።»

አንድ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ሌላው ተከተለ። የባለ ሱቁ ሚስት ጉንጯ ውስጥ የነበረውን ሻይ መልሳ ብርጭቆው ውስጥ ተፋችው።

«ትናንት ቀብረሽው ዛሬ ታዋርጂዋለሽ?» አለች እየተነሣች። «እኔ የማውቀው ልጆቼን ያዳነልኝን ሰው ነው። ደግሞ በሽታ እያለብሽ በብርጭቆሽ ታጠጪናለሽ?»

ወይ ጉድ። በመርፌው ሲወጉ የኖሩ ሰዎች፣ ብርጭቆውን ተጸየፉት። አንዱ እጁን በነጠላው ጠረገ፤ ሽማግሌው ጫማውን ሳያጠልቅ አንጠልጥሎት ወጣ። ካልሲ ሻጩ እጁን መንጭቆ አስለቀቀና፣ «እብድ ናት» ብሎ የተረፈውን ዳቦ ይዞ ሄደ። ልጅ ያቀፈችው ሴት ብቻ ደጃፉ ላይ ዘወር አለች።

«ጤና ጣቢያው አሁን ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው የኔ ልጅ። ቶሎ በይ።»

አናጢው ከአግዳሚው ጫፍ አልተነሣም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ ቆየ።

«ዓይኔን አይተሽ ነው አይደል የተናገርሽው?»

«አይቼው ነው።»

«ሚስቴ እንቅልፍ ማጣት ነው ትለኛለች።» ኮፍያውን ማሽከርከሩን ተወ። «እሷንም ወግቷታል።»

«ይዘሃት ሂድ። ከነገ ወዲያ አትበል። ለኔ መድኃኒት አለው ብለውኛል፤ ለናንተም የሚሉትን ስሙ።»

አናጢው ራሱን ነቀነቀ። እታለም ቆርቆሮዋን ከትራሱ ስር አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«ጉጠት ይዘሃል?»

ከሽርጡ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። ክዳኑን ስትከፍተው የቆየ አልኮልና የዝገት ሽታ ወጣ። አንደኛው መርፌ አንገት ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር ነበር፤ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ትንፋሿን ይዛ መርፌዎቹን በጉጠቱ አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ለአናጢው አቀበለችው።

«ስትመረመር ለጤና ጣቢያ ሰዎች ስጥልኝ። እነሱ ያቃጥሉት። ሜዳ ላይ እንዳትጥለው።»

ቆርቆሮዋን ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ወጣ። ቤቱ ውስጥ ከእታለምና ወለሉን ከሞሉት ያልተጠጡ ብርጭቆዎች በቀር ማንም አልቀረም። ዝንቦቹ ወረዱባቸው። ተነሥቼ ላጥባቸው ብላ አስባ ነበር፤ ተወችው። ባሏ ናፈቃት፤ ያንን ሁሉ አውቃም ናፈቃት፤ መናፈቁም አስጠላት።

ፎጣውን ያቀበለችበት ቀኝ እጇ ሳታዝዘው ተነሥቶ ግራ ክንዷ ላይ አረፈ። ያኔ የወጋት ቦታ ላይ። አሸት አሸት አደረገችው።