ሦስተኛው ከረባት

እንዳለውና ትግሉ ከመተማ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የተሻገሩት አብረው ነው። በመጀመሪያው ክረምት ሰሊጥ ሲያርሙ ትግሉን ወባ ጣለው፤ እንዳለው አዝሎ ከእርሻው እስከ መኪናው መንገድ አወጣው። ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍል ተከራይተው እንደ ወንድማማች ኖሩ። ትግሉ ሣህሊቱን ሊያገባ ሲል አንደኛ ሚዜው ማን እንደሚሆን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እንዳለው ልብስ ሰፊ ስለሆነ ከረባቶቹን እሱ እንዲመርጥ ተስማሙና ወደ ልብስ ሻጯ ፅገ ሱቅ ሄዱ። ትግሉ ቀጭን ነው፤ ሰፊ ከረባት ይውጠዋል። ለጥቁር ሰማያዊ ሱፉ ጠበብ ያለ ወይን ጠጅ መረጠለት። እንዳለው ራሱ አጭርና ደንዳና ነው። ለእሱ ብዙ አበባ የተሳለበት አይሆንም፤ ቀጫጭን መስመር ያለው ደብዘዝ ያለ ከረባት አንስቶ፣ ቋጠሮውን አሳንሶ፣ ጫፉን ቀበቶው ላይ አሳረፈው።

"ቁመት ጨመርህ እኮ!" አለች ፅገ እየሳቀች።

"አንድ ደግሞ ምረጥልኝ" አለ ትግሉ። "ለረጅም፣ ደረተ ሰፊ ሰው። ሱፉ ግራጫ ነው። ቀለሙ ከእኔ ጋር ይሂድ።"

"ለማን ነው?"

"ለሣህሊቱ ዘመድ።"

ረጅም ሰው ላይ ተራው ከረባት ከሆዱ በላይ ይቀርበታል። እንዳለው የሱቁን ግማሽ አስፈትሾ ረዘምና ሰፋ ያለ፣ ከሙሽራው ጋር የሚመሳሰል አገኘ። ደስ አለው።

የሠርጉ ቀን ለባብሶ ሲደርስ ያ ከረባት ገብረስላሴ በሚባል መለሎ ሰው አንገት ላይ ነበር። የአንደኛው ሚዜ አበባም ደረቱ ላይ ተሰክቷል። ትግሉ እንዳለውን ሲያየው ክንዱን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው።

"ማለሽ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ። ፎቶው ዕድሜ ልክ የሚቀር ነገር ነው። የእሱ ቁመና ያምራል። አንተ ከኋላ ብትቆም..."

"ሱቅ ሳለን ታውቅ ነበር?"

ትግሉ መሬት መሬቱን አየ። "አውቅ ነበር።"

"እኔም ለእሱ ስደክም ቆመህ አየኸኝ።"

ሣህሊቱ ድምፃቸውን ሰምታ ቬሏን ሰብስባ ወጣች። "እንዳለው፣ ሚዜነቱን ለምን እንቢ አልህ? ትግሉ ሲነግረኝ እንዴት እንዳዘንሁ!"

ትግሉ ቁመቱን መናቁስ ይሁን፤ በስሙ መዋሸቱ ግን የእንዳለውን አንጀት ቆረጠው። ትግሉ በዓይኑ ይለምነዋል።

"እሱው ይነግርሻል" አለና በጓሮው በር ወጥቶ ባለ ሦስት እግር ራክሻ አስቆመ።

በዚያው ሳምንት የስፌት መኪናውን ጭኖ ፋው ወደምትባል ከተማ ገባ፤ ገበያው ዳር ሱቅ ይዞ የገበሬዎችን ጀላቢያ ይሰፋ ጀመር። ትግሉ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳለትም። ከወራት በኋላ የደወለችው ሣህሊቱ ነበረች።

"እስካሁን አልነገረኝም" አለች። "በጠየቅሁት ቁጥር ይቆጣል። አንተ ንገረኝ።"

እንዳለው የስፌት መኪናውን አቁሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት።

"ትግሉ 'በወባ ስወድቅ አዝሎ ያወጣኝ' የሚለው ሰው አንተ ነህ?" አለችው።

"እኔ ነኝ።"

"እኔን ይቅር በለኝ፣ ወንድም ጋሼ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ?" አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን የጀመረው ስፌት አልሄድልህ አለው፤ ሱቁን ቆልፎ ከተማው ዳር እስካለው የመስኖ ቦይ ድረስ ብቻውን ሄደ።