ሰው የሌለበት ወንበር

ወይዘሮ ደጊቱ የምግብ ቤቱን በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። በአንድ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ኤልዳናን ይዘዋል፤ በሌላው ሦስት የተቀረጹ እርሳሶችና ሹራብ ያለበት ፌስታል። ከአፓርታማቸው እስከዚህ የእግረኛ መንገድ የለም። ታከር በምትባለው በዚህች የአሜሪካ ከተማ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። በሣሩ ጠርዝ አሥር ደቂቃ ሲሄዱ መኪናው ሁሉ ጆሯቸው ሥር እየጮኸ ያልፍ ነበር፤ የልጅቷም ጫማ ትናንት በዘነበው ውሃ ርሷል። ልትታመም ነው፤ ይሄም አለ።

"የታለ?" አሉ ልጅቷን።

"እዚያ ጋ። ኮፍያ ያደረገው" አለች ኤልዳና።

ነጋሽ ልጃቸው ነው። ጠዋት "መጋዘን ኦቨርታይም ጠርተውኛል፣ በስድስት ሰዓት መጥቼ ኤልዳናን ለፈተና አደርሳታለሁ" ብሎ ወጣ። ፈተናው በሒሳብ ለበረቱ ልጆች የተለየ ትምህርት ቤት መግቢያ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ይሰጣል፣ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ስድስት ሰዓት ሞልቶ ነጋሽ ስልክ አላነሳ ሲል ነው ልጅቷ አንገቷን ደፍታ፣ "እማማ፣ ዳዲ ሥራ አይደለም ያለው። ምግብ ቤቱ ጋ ፖከር ካርታ እየተጫወተ ነው" ያለችው። የአሥር ዓመት ልጅ የአባቷን ውሸት ተሸክማ ኖራለች። ደጊቱን ያንገበገባቸው ይሄ ነው።

ከጀርባው ቆሙ።

"ነጋሽ።"

ዞረ። "እማዬ? ምን ሆናችሁ? በምን መጣችሁ?"

"በእግራችን።"

"በዚህ መንገድ? ሰው ይገጫችኋል እኮ።"

"አሁን ነው ያሰብክልን?"

የግድግዳውን ሰዓት አየ። "ስድስት ከሩብ ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ ጠብቂኝ። ያ ወንበር ላይ ቁጭ በሉ፣ ኮክ ይምጣላችሁ። ፋይናሉ ነው፤ ያሸነፈ ለትልቁ ውድድር ላስ ቬጋስ ይላካል። መግቢያው ነፃ ነው፣ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም።"

"ስለ ሳንቲም ማን ጠየቀህ?"

አጠገቡ የተቀመጠው ዮሐንስ፣ መጋዘን ውስጥ አብሮት ፎርክሊፍት የሚነዳው፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። "እማማ፣ አይቆጡ። ገና መጀመሪያው ነው። ነጋሽ እኮ አስተማሪያችን ነው፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ከማንም ጋር አይጋጭም። ካርታውን እየጣለ ዝም ብሎ የሰው ጠባይ ያጠናል።"

"የልጁን የፈተና ቀን ሳያጠና?"

ዮሐንስ ሳቁን ዋጠና ተቀመጠ።

ደጊቱ ከነጋሽ ፊት ለፊት አንድ ባዶ ወንበር አዩ። ሰው የለበትም፤ ጠረጴዛው ላይ ግን እንደሌሎቹ ሁሉ ቺፕስ የሚሉት ባለቀለም የመጫወቻ ጠጠር ተደርድሮለታል። ካርታ የምታድለው ሴት እጇን ዘርግታ ከዚያ ክምር ሁለት አንስታ መሀል ላይ አስቀመጠች።

"የማነው ይሄ?"

"የዘገየ ሰው ነው" አለ ነጋሽ። "አንድ ሰዓት ቢያረፍድም ይገባል። ተራው ሲደርስ ትንሽ ትንሽ ይወሰድበታል እንጂ መጀመሪያ ላይ ብዙ አይጎዳም።"

"ሰውየው ሳይኖር ወንበሩ ይጫወትለታል?"

"እንደዚያ በይው።"

"እንግዲያው ተነስ። ያንተም ትንሽ ትንሽ ይወሰድ። ልጅቷን አድርሰህ ተመለስ፣ ወንበርህ ይጠብቅሃል። የሷ በር አይጠብቃትም።"

አዳይዋ ምን እንደተባለ ኤልዳናን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ልጅቷ አንድም ሳታስቀር ተረጎመች። የጠረጴዛው ሰው ሳቀ፤ አዳይዋ ግን አልሳቀችም። "አያትሽ ልክ ናቸው" አለችና ካርታ ማደሏን ቀጠለች።

ነጋሽ ፊቱ ቀላ። "እማዬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። አራት ወር ነው የለፋሁት።"

"ሚስትህስ ስንት ወር ለፋች? ቅዳሜና እሑድ ድርብ ሺፍት እየሠራች መጦሪያ ቤት ሽማግሌ ስታገላብጥ ነው የምትውለው።"

ነጋሽ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ሁለት ካርታ ደርሶት ጫፋቸውን ቀና አድርጎ አየ። ደጊቱ ከትከሻው በላይ አዩት። ሁለቱም አስ ነበሩ፤ በፖከር ከዚህ የሚበልጥ መነሻ የለም። ጨዋታውን ባያውቁም የልጃቸውን የቀላ ጆሮ ያውቃሉ፤ በልጅነቱም ስኳር ሰርቆ ሲደብቅ እንዲህ ይቀላ ነበር።

"ይቺን ብቻ" አለ ሳይዞር። "ይቺን ጨርሼ እንሄዳለን።"

ያን ጊዜ በደጊቱ የቀሚስ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሕይወት ናት፣ የነጋሽ ሚስት፤ ዕረፍት ሰዓቷ ነው። ደጊቱ ስልኩን ከፈቱ። ምላሳቸው ላይ የተለመደው ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። መንገድ ላይ ናቸው። ደክሞት ተኝቷል። ሥራ ጠርተውት ነው። ስንት ቅዳሜ እንዲህ ብለዋል። የልጄ ቤት እንዳይፈርስ ብለው፤ ሕይወት አምናቸው እግዚአብሔር ይመስገን ስትል ዓይኗን ማየት እያቃታቸው።

"እማማ፣ እዚህ ስልክ ክልክል ነው" አለ ዮሐንስ በሹክሹክታ። "ካርታ ይዞ ስልክ ያነሳ ሰው ካርታው ይሞትበታል፣ ይወሰድበታል።"

"እንዲያ ነው?" አሉ ደጊቱ።

አጎንብሰው የተከፈተውን ስልክ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ፣ ልክ ከሁለቱ ካርታዎች አጠገብ አስቀመጡት።

"እማማ? ይሰማዎታል? ኤልዳና ገባች?" አለ ስልኩ።

ነጋሽ ቀና ብሎ እናቱን አየ፤ ደጊቱ አፋቸውን አልከፈቱም። ኤልዳናን አየ፤ እሷ የረጠበ ጫማዋን ነበር የምታየው።

"እማማ?"

ስልኩን አነሳ። አዳይዋ ሁለቱን ካርታዎች ወደ ራሷ ሳበች።

"እኔ ነኝ፣ ሕይወት" አለ። "የለም፣ አላደረስኳትም። አሁን እየሄድን ነው። የት እንደሆንኩ ማታ እነግርሻለሁ።"

መኪናው ውስጥ ደጊቱ ፊት ለፊት አልተቀመጡም። ከኋላ ሆነው የኤልዳናን ካልሲ አውልቀው እግሯን በሹራቡ ጠቀለሉ። ስድስት ተኩል ሊሆን ነው። ነጋሽ ሞተሩን አስነስቶ የምግብ ቤቱን በር አንዴ ዞሮ አየ፤ ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ስልኩን ሰጣቸው።

ደጊቱ አልተቀበሉትም።

"አንተ ጋ ይሁን" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ ሕይወት ስትደውል አንተ ነህ የምታነሳው። አሁን ንዳ።"