ሲንቀሳቀስ ተጫኚ

ነርሷን እናቶች «ሲስተር ቀበቶ» ይሏታል። የጽንስ ልብ ምት የሚያዳምጠውን ማሽን ቀበቶ ስንት ሆድ ላይ እንዳሰረች እሷም አታውቀውም። ያን ዕለት ጠዋትም እርጉዟን በግራ ጎኗ አስተኛቻት፤ ቀበቶውን አሰረችላት፤ ከማሽኑ ጋር የተያያዘች ትንሽ ቁልፍ አስያዘቻትና ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንድትጫን ነገረቻት። አብሯት የመጣው ባሏ የማሽኑን አሠራር ለነርሷ ሊያስረዳት ሲጀምር ጊዜ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብላ እየሳቀች ወደ ኮሪደሩ ሸኘችው።

እርጉዟ አልሳቀችም። ባለፈው እርግዝናዋ እዚሁ ክፍል ተኝታ «አይንቀሳቀስም» ያለችው ራሷ ነበረች፤ ልጁም ሞቶ ተገኘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ያን ቃል ባትናገረው ኖሮ ልጇ የሚተርፍላት ይመስላታል። ዛሬ የመጣችው ላትናገረው ምላ ነው። ይኸኛውም ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

ቁልፉን ተጫነች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ተጫነች። የልቡ ምት ይሰማታል፤ እሷ እስከተጫነች ድረስ ማንም ክፉ ነገር አይነግራትም።

ነርሷ ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት አየች። ጽንስ ሲንቀሳቀስ የልቡ ምት ከፍ ይላል፤ እዚህ ግን የመጫኗ ምልክት ተደርድሮ ሳለ መስመሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። መዳፏን በእርጉዟ ሆድ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። እርጉዟ ተጫነች። ከመዳፏ ሥር የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም።

ነርሷ ቁልፉን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችባት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የኔ እህት? አልቆጣሽም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ከትናንት ጠዋት» አለች።

ነርሷ ሐኪሙን ለመጥራት ስትነሳ ምቱ እየዘገየ ሄደ። ሐኪሙ ወረቀቱን አንዴ አይቶ ባስቸኳይ ወደ ቀዶ ጥገና እንዲወስዷት አዘዘ። ትናንት መምጣት እንደነበረባት ለነርሷ ዝግ ብሎ ነገራት፤ እናትየው ግን ሰማችው። አልጋው ኮሪደሩን ሲያቋርጥ የባሏን ዓይን ማየት ፈራች።

ማደንዘዣ ሊሰጧት ሲሉ የነርሷን እጅ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች።

«ሲስተር፣ ካለቀሰ ይቀስቅሱኝ። ካላለቀሰ ግን ይተዉኝ፣ እንደተኛሁ ልቅር።»

ነርሷ እንባዋ መጣ። ያቺ ቀልድ የማይጠፋት ሴት ጎንበስ አለችላት።

«ቢያለቅስም ባያለቅስም የምቀሰቅስሽ እኔ ነኝ» አለቻት።