ያልተሳሉት ስለት

አቶ አጥናፉ ምግብ አልወርድ ካላቸው ሰነበተ። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ አሁን ደግሞ ሾርባው ሳይቀር ደረታቸው ላይ ይቆማል። እስካሁን ሐኪም ዘንድ ያልሄዱት ሞትን የማይፈሩ ጀግና ሆነው አይደለም፤ ሐኪሙ የሚጠይቃቸውን ጥያቄ ፈርተው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኚህ የፒያሳ ልብስ ሰፊ ድሮ ወፍራም ነበሩ፤ ወፍራም ማለት እንኳ ያንሳቸዋል። የአራዳ ልጆች «ጋሽ በርሜል» ይሏቸዋል፤ የራሳቸውን ሱሪ ሲሰፉ ካዩ «የእድሩ ድንኳን ደረሰ?» ብለው ይስቁባቸዋል። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ብሶባቸው ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው፣ ሮም ያለችው እህታቸው ጠራቻቸው። «ለጨጓራ ሕክምና» ብለው፣ በስንት ደጅ ጥናት የመውጫ ቪዛ አግኝተው ሄዱ። እዚያ ሐኪሞቹ ጨጓራቸውን ለሁለት ከፍለው ትልቁን ክፍል ዘጉና፣ ለምግብ አንዲት ትንሽ ኪስ ብቻ ተዉላቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሦስቴ ሲጎርሱ ይጠግባሉ።

ከስተው የተመለሱት በሰባ ሰባት፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ በሚያልቁበት ጊዜ ነበር። ሕዝብ እህል አጥቶ በሚረግፍበት አገር፣ ጥጋብ በዛብኝ ብዬ ሆዴን አስቀደድኩ ብሎ ማን ይናገራል? አፈሩና ዝም አሉ። የሰፈራቸው የዶሮ ማነቂያ ሰው ግን ዝም ማለት አያውቅም። ለቅሶ ቤት ሁለቴ ጎርሰው እጃቸውን ሲሰበስቡ አይቶ፣ «ለተራቡት ተስለው ነው፤ ወገኔ ሳይጠግብ አልጠግብም ብለው ነው» አለ። አሁንም ዝም አሉ። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ ማዕድ ሲቀርብ አንገታቸውን ደፋ ማድረግ ለመዱ። «ጋሽ በርሜል» መባሉ ቀርቶ የእድሩ ዳኛ ሆነው አረፉት።

ከሁሉ አብልጣ ያከበረቻቸው ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ሰዓዳ ናት። የወሎ ሰው ናት፤ እህቷ ከነልጆቿ ያለቀችው በዚያው ረሃብ ነው። «እርስዎ ለወገኔ የሆኑትን የሥጋ ዘመድም አልሆነ» ትላቸዋለች። ይህን በሰሙ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይወዳሉ።

ሐኪም ቤትም ጎትታ የወሰደቻቸው እሷው ናት። ዶክተር በርሄ ሆዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አየና፣

«ይህ ለምን ተሠራ?» አላቸው።

«ለጨጓራ… ለቁስለት።»

«ምኑን ቆረጡ? ምኑን ቀጠሉ? ካሜራ በጉሮሮዎ ላስገባ ነው። ዕጢ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ መንገዱን ካላወቅሁ ደግሞ ያመልጠኛል።»

«ይንገሩት እንጂ ጋሽ አጥናፉ!» አለች ሰዓዳ። «ደግሞ ለሐኪም ምን ይታፈራል?»

ውጪልኝ ሊሏት ፈለጉ። ግን ብትወጣም ነገ መጠየቋ አይቀርም፤ እሳቸውም ዳግመኛ ሊዋሿት ነው። ዐይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

«ለቁስለት አይደለም» አሉ። «ውፍረት እንዲቀንስልኝ ነው። ጨጓራዬን ከፍለው ዘጉት። ትንሽ የምበላውም ለዚህ ነው፤ ለሌላ አይደለም።»

ዶክተሩ አልሳቀም። «እንግዲያው የተዘጋው ክፍል ጋ ካሜራው አይደርስም፤ እሱን በሌላ መንገድ እናያለን» አለ።

«ያመጣብኝ ቀዶ ጥገናው ይሆን?»

«ሥራው ገና አዲስ ነው፤ እርግጡን የሚያውቅ የለም። ዕጢ መሆኑም አልታወቀ። ግን እንዲህ የተሠራለት ሰው ምግብ ሲያንቀው ያን ዕለት መታየት ነበረበት። ለምን ቆዩ?»

«አፍሬ።»

ሰዓዳ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ከሐኪም ቤት ወጥተው የራስ መኮንን ድልድይ እስኪደርሱ ቃል አልወጣትም። አቶ አጥናፉ ዝምታዋን መሸከም አቃታቸው።

«ሰዓዳ፣ በአላህ ይሁንብሽ ስደቢኝ።»

«ምን ብዬ ልሳደብ?» ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «እርስዎ ባዳው ለነሱ ብለው እየተራቡ፣ እኔ የሟቿ እህት ጠግቤ መተኛቴ አሳፈረኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ፣ ከረመዳን በቀር፣ እራት ቀምሼ አላውቅም። ልጆቼ ብዪ እያሉ ሲያለቅሱብኝ፣ ጋሽ አጥናፉን እዩ እላቸው ነበር።»

አቶ አጥናፉ ከእፍረታቸው ብዛት ከጎኗ መሄድ ፈርተው፣ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ተከተሏት። ደጃቸው ሲደርሱ መሽቷል። ሰዓዳ የበሯን መዝጊያ ይዛ ዞር አለች።

«ካሜራው ማክሰኞ ነው አይደል? አብሬዎት እሄዳለሁ» አለች። «አሁን ግን ይግቡ። እኔም እራቴን ልበላ ነው።»